የድምፅ ማጉያው ዋስ

መኪናዋ የምትመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር። ከኲሓ በኩል አቧራዋን አስከትላ ትገባለች፣ ገበያውን ትዞራለች፣ ከዚያ የወሎ ነጋዴዎችና ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞች ተደባልቀው በሚኖሩበት መንደር፣ ልክ ከእትዬ ኡሙሀኒ ግድግዳ ሥር ትቆማለች። ጣሪያዋ ላይ እንደ ዱባ አበባ አፉን የከፈተ የብረት ቀንድ ተተክሏል። ከቀንዱ የሚወጣው ድምፅ የአንድ ሰው ድምፅ ነው ቢባልም መጀመሪያ ላይ ያመነ አልነበረም፤ አንድ ሰው ያን ያህል አይጮኽም።

«መሣሪያ ያለህ መሣሪያህን አስረክብ! ጉልበት ያለህ ለመንገድ ሥራ ተመዝገብ! ጣልያን መጥቶልሃል፤ ደስ ይበልህ!»

አንድ ጊዜ በትግርኛ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። መቀሌ ከተያዘች ወዲህ ሰው ብዙ ነገር ለምዷል፤ ይህን ግን የለመደ አልተገኘም። ውሾች ያላዝናሉ። አህዮች ጭነታቸውን ይጥላሉ። የመግሪብ አዛን ተውጦ ይቀራል። ባልና ሚስት የጀመሩትን ጠብ መኪናዋ እስክትሄድ ያቆዩታል፤ ስትሄድ ደግሞ በምን እንደተጣሉ ይጠፋቸዋል። መንደሩ «ለፍላፊት» የሚል ስም አወጣላትና በመጣች ቁጥር በሩን እየዘጋ ይቀመጥ ጀመር። ከዚህ በላይ የሚያደርገው አልነበረውም።

አስካለማርያም ግን በር መዝጋት አትችልም ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ በር ከተዘጋ ብርሃን የለም፣ ብርሃን ከሌለ ስፌት የለም። ከሸዋ ይዟት የመጣው ባሏ ጸሐፊ ነበር፤ እሱ በጦርነቱ ሲቀር እሷ ከስፌት መኪናዋ ጋር እዚሁ ቀረች። ከእትዬ ኡሙሀኒ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ዝም ብሎ መቻል የሚባለው ነገር ከተፈጥሮዋ የለም።

«አንድ ድንጋይ ይበቃታል» አለች አንድ ምሽት፣ መኪናዋ ከሄደች በኋላ። «አንድ ደህና ድንጋይ በዚያ አፏ ውስጥ።»

«ቀንዱን ሰብረሽ ምን ታገኚያለሽ? ሁለት ቀንድ ይዘው ይመጣሉ» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ። ግድግዳው ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ነበር። «ዝም በይ እስቲ፣ አስኩ።»

ግድግዳው ውስጥ ንብ አለ። እትዬ ኡሙሀኒ ከየጁ የመጡት ጨው ነጋዴ አግብተው ነው፤ ባልየው ሞተ፣ ንቡ ቀረ። ከጦርነቱ በፊት የቤቱ ግድግዳ ሁሉ ቀፎ ነበር፤ ጭቃውና ድንጋዩ መሐል በተተወው ቀዳዳ ሁሉ ንብ ይገባል፣ ይወጣል፤ የመቀሌ ነጭ ማር የፈለገ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ከዚያ ቦምቡ መጣ፣ ጭሱ መጣ፣ የወታደሩ ሰፈር መጣ። ንቡ ሁሉ ጥሎ ሄደ። የቀረው አንድ ቀፎ ነው፤ እሱም በመንገዱ በኩል፣ መኪናዋ በምትቆምበት ግድግዳ ውስጥ ያለው።

አንድ ቀፎ ቤት አያኖርም፤ ሁለት ሲሆን ያኖራል። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአበባ ሲሸፈን ንቡ በዝቶ ስለነበር ሊከፈል ደርሷል። የሚወጣውን መንጋ የያዘ ሁለት ቀፎ አለው። ያመለጠው ግን ንቡ ገደል ገብቶ ይቀርበታል፣ የቀረውም ሣስቶ በጋውን አይወጣም። እትዬ ኡሙሀኒ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው እንዳይጠብቁ ገበያ ነው የሚውሉት። ስለዚህ የሚያውቁት በጆሯቸው ነው፤ መንጋው ሊወጣ ሲል፣ ማታ ንቡ ሁሉ ገብቶ ዝም ሲል፣ አዲሶቹ አውራዎች፣ የንቡ ንግሥቶች፣ ከውስጥ ይጠራራሉ። ያን የሰማ በማግሥቱ ገበያ አይሄድም።

«ሰሙ?» አለች አስካለማርያም።

«ምኑን እሰማለሁ? ጆሮዬ ውስጥ እስካሁን ‹ደስ ይበልህ› ይላል» አሉ። ከግድግዳው ተላቀው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ወንድሜ በነጋዴ በኩል እየላከብኝ ነው። ቤቱን ሽጠሽ ነይ ይላል። ይህ መንጋ ካመለጠኝ እሄዳለሁ፤ ሄጄም የሚስቱን እጅ እያየሁ እበላለሁ። አንቺም ሌላ ቤት ትፈልጊያለሽ።»

አስካለማርያም ክሯን በጥርሷ በጠሰች። ድንጋይ ስለመወርወር የነበራት ሐሳብ ግን ከዚያ በኋላ በጣም የተሻለ ሐሳብ መስሎ ታያት።

በማግሥቱ መኪናዋ ስትመጣ እትዬ ኡሙሀኒ ነጭ ሻሻቸውን አስረው ወጡ። አስካለማርያም ጨርቅ የምትቆርጥበትን መቀስ እንደያዘች ተከተለቻቸው። መኪናዋ ጀርባ ላይ የቆመው ሰውዬ፣ ያ ሁሉ ድምፅ የሱ ነው የሚባለው የጣልያኖቹ አስተርጓሚ፣ ቱርጁማኑ፣ ፈንታሁን ይባላል። ቀጭን ነው። የጣልያን ኮት ለብሶ በላዩ ጋቢ ደርቧል፤ አፉ ላይ የብረት ኩባያ የመሰለ ነገር ደግኗል። አብሮት ያለው ጣልያን አሥር አለቃ፣ ካፖራሉ፣ ከፊት ወንበር ላይ እግሩን በመስኮት አውጥቶ ተቀምጧል።

«ጣልያን መጥቶልሃል፤ ደስ—»

እትዬ ኡሙሀኒ የጋቢውን ጫፍ ያዙ።

«በሕግ አምላክ!»

ፈንታሁን ቆመ። ይህን ቃል ሰምቶ የማይቆም ሰው በዚያ ዘመን አልተወለደም፤ ዱላ ያነሣ ዱላውን በአየር ላይ ያቆማል፣ የሚሮጥ እግሩን ይሰበስባል። «በንጉሥ አምላክ» ቢሉት ኖሮ «የትኛው ንጉሥ?» ብሎ ያመልጥ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ንጉሡ ብዙ ነው፣ አንዱ በስደት፣ አንዱ በሮም። ሕግ ግን የማንም አልነበረም። ቆመ ብቻ ሳይሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አባቱና አያቱ ሲሉ እንደሰማው፣ ሳያስብ መለሰ።

«አቤት!»

ብረቱ አፉ ላይ ነበርና «አቤት»ዋ በቀንዱ ወጥታ ገበያውን አቋርጣ፣ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ደርሳ ተመለሰች።

መቆም ሌላ ነው፣ «አቤት» ማለት ሌላ ነው። አቤት ያለ ሰው ክሱን ተቀብሏል። ፈንታሁን ይህን ያወቀው ቃሉ ካመለጠው በኋላ ነው። ወደ ታች ሲያይ እትዬ ኡሙሀኒ የነጠላቸውን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጥረው ጨርሰዋል። ቁራኛ ሆነዋል፤ ዳኛ ሳይፈታው ያን ቋጠሮ የፈታ ጥፋተኛ ነው።

«እናቴ፣ ይህ የመንግሥት መኪና ነው!» አለ ፈንታሁን፣ አሁንም በቀንዱ።

«መኪናውን ማን ከሰሰው? አንተን ነው።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

መንደርተኛው የሚሰማው የሱን ብቻ ነው። «እኔ ምን አደረግሁ» የሚል ጩኸት ሰማይ ላይ ሲያስተጋባ ቤቱን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሰው ሁሉ የክርክሩን የሴትየዋን ግማሽ ለመስማት እየወጣ መኪናዋን ከበበ።

ካፖራሉ እግሩን ከመስኮት ሰበሰበና ምን እንደሆነ ጠየቀ። ፈንታሁን በጣልያንኛ መለሰለት፤ «ስለ አዋጁ እየጠየቁ ነው» አለው። ካፖራሉ ሰውን ቆጠረው፤ ለፍላፊት መምጣት ከጀመረች እንዲህ ያለ ጉባኤ አይቶ አያውቅም። ደስ አለውና ሲጋራ ለኮሰ።

«ዳኛ ያዙልኝ!» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ።

በዚያን ጊዜ ልማድ የመንገድ ሰው ዳኛ ይሆናል፤ ሽበት ካለው የግድ ነው። ሽበት ያለው ሰው አቦይ ወልደአማኑኤል ነበሩ፤ ሳትሸጥላቸው የዋለችውን ፍየል እየጎተቱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ተያዙ።

«እዋይ! መሽቷል እኮ! ፍየሏስ?»

«ፍየሏን እኔ እይዛለሁ፣ አቦይ» አለች አስካለማርያም። ገመዱን ተቀበለች። እስከ ፍርዱ መጨረሻ በአንድ እጇ መቀስ፣ በአንድ እጇ ፍየል ይዛ ቆመች፤ ልቧ ግን ይበግናል። ጣልያን ከተማውን ይዞ፣ አገሩን ይዞ፣ እነዚህ ሰዎች ዳኛና ቁራኛ ይጫወታሉ!

አቦይ ወልደአማኑኤል ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ በትራቸውን መሬት ላይ አቆሙ። «በሉ ጽቡቅ፣ መልካም። ከሳሽ ተናገሪ።»

«በዚህ ግድግዳ ውስጥ ንብ አለኝ፤ አገር ያውቀዋል። ሊከፈል ደርሷል። አውራዋ ስትጠራ ካልሰማሁ መንጋው ይጠፋብኛል። ይህ ሰው በየማታው መጥቶ ጆሮዬን ይዘጋዋል። ይህ ሐሰት ከሆነ በማር! የቀረችኝ አንዲት ገንቦ ማር ናት፤ በእሷ እወራረዳለሁ።»

«በማር!» እያለ ሰው አጉረመረመ። ውርርድ ሲገባ ነገሩ የእውነት ይሆናል።

«ተከሳሽ?»

ፈንታሁን መሟገት ያውቅ ነበር፤ ጋቢውን አጣፍቶ ትከሻው ላይ ወረወረና ደረቱን ነፋ። ብረቱን ዝቅ ማድረግ ግን ረስቷል። «አፉ የኔ ነው፣ ቃሉ ግን የኔ አይደለም! ነጋሪት በተጎሰመ ጊዜ ነጋሪቱ ይከሰሳል? ወይስ የጎሰመው? እኔ ነጋሪት ነኝ!»

ጥሩ አባባል ነበር። ከኋላ ያሉት እንኳ «ልክ ነው» አሉ። አቦይ ወልደአማኑኤል ወደ ከሳሽ ዞሩ።

«ነጋሪት ተይዞ ‹አቤት› አይልም» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ። «አንተ ብለሃል። የማይናገረውን ዕቃ መክሰሴ ቢሆን ሰው ይስቅብኝ ነበር፤ አንተ ግን ሰው ነህና አቤት አልህ። ሰው ከሆንህ ያጠፋኸው ጥፋት ያንተ ነው።»

ሰው አልሳቀም። ፈንታሁን ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። አስካለማርያም ሳታውቀው የፍየሏን ገመድ አጥብቃ ይዛ ነበር፤ ፍየሏ ጮኸችባት።

ፍርዱ አጭር ሆነ። መንጋው እስኪወጣ ድረስ ፈንታሁን በዚያ ግድግዳ ሥር ማታ ማታ ድምፁን አያሰማም። ለዚህም ዋስ ይጠራል። ቃሉን ካፈረሰ ዋሱ አንድ ገንቦ ማር ይከፍላል።

«ዋስ ጥራ» አሉት።

ፈንታሁን ቀና አለ። «ዋስ የሚሆነኝ!»

ቀንዱ ተቀበለው፤ መንገዱን ሁሉ ሞላው፤ ከኮረብታው ተመልሶ መጣ። መቀሌ ውስጥ እስከዚያ ቀን እንዲህ ባለ ድምፅ ዋስ የጠራ ሰው አልነበረም። የመለሰለትም ሰው አልነበረም። ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ አዞረ። የአገሩ ልጅ አብዱሰመድ፣ ጨው ነጋዴው፣ ከፊቱ ቆሞ ነበር፤ አብዱሰመድ ጥምጥሙን ማስተካከል ጀመረ፣ ሳይጨርስም ብዙ ቆየ። ለጣልያን አፍ ለሆነ ሰው ማን ዋስ ይገባል? ነገ ቢጠፋ፣ ነገ ቢሾም፣ ሁለቱም መዘዝ ነው።

ያኔ ነው ፈንታሁን ብረቱን ከአፉ ያወረደው። ድምፁ ሲመጣ ትንሽ ነበር። «ዋስ የለኝም፣ አቦይ።»

«ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ።

አቦይ ወልደአማኑኤል በትራቸውን አዞሩት። «ከሳሽ ለተከሳሹ ዋስ ሲሆን አይቼ አላውቅም።»

«አላዩም እንጂ፣ ክልክል ነው ሲባልስ ሰምተዋል?»

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። አልሰሙም ነበር። ተነሥተው ቋጠሮውን ፈቱ፣ ፍየላቸውን ተቀበሉና ሄዱ። ሰውም ተበተነ። ካፖራሉ ሲጋራውን ጥሎ፣ ዛሬ ብዙ ሕዝብ አዋጁን በፍላጎት ሰማ ብሎ አለቃው ዘንድ ለመናገር እየቸኮለ መኪናዋን አስነሣት።

አስካለማርያም በሩ እስኪዘጋ ብቻ ነው የታገሠችው።

«እንዴት ያለ ነገር ነው የሠሩት? እሱ ያጠፋል፣ አንቱ ይከፍላሉ! ቀፎውም ሊሄድ፣ ያለችዋ ገንቦም ልትሄድ!»

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም! ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ?»

«ዋስ የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ፣ ሻሻቸውን እየፈቱ። «የሚያሳፍረው የለው፣ የሚከፍልለት የለው። አሁን ግን አለው።»

አስካለማርያም ተቀመጠች። ከእኚያ ሴት ጋር አንድ ግቢ ስትኖር የሚያውቁትን ሁሉ የምታውቅ ይመስላት ነበር።

በማግሥቱ መኪናዋ ስትቆም ከቀንዱ የወጣው እንደ ተቀደደ ወናፍ ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ ያም ጠፋ። ፈንታሁን ጉሮሮውን ይዞ ለካፖራሉ እጁን አወናጨፈ። ካፖራሉ አፉን አስከፍቶ አየው፣ ክብሪት ለኩሶ እንደገና አየው፤ ምንም አልገባውም።

«ማር! ማር ነው መድኃኒቱ» አለ አብዱሰመድ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ። ትናንት ጥምጥሙን እያስተካከለ ዝም ማለቱ ሌሊቱን አላስተኛውም መሰለኝ፣ ተነሥቶ መጣና ካፖራሉን እየመራ እትዬ ኡሙሀኒ በር ላይ አቆመው። ቱርጁማኑ ዲዳ ስለሆነ ማስተርጎሙ ለአብዱሰመድ የገበያ ጣልያንኛ ቀረ።

እትዬ ኡሙሀኒ ያችኑ የተወራረዱባትን ገንቦ ከፈቱ። በእንጨት ማንኪያ ቆርጠው ለፈንታሁን አጎረሱት። ከዚያ ወደ ካፖራሉ ዞረው እንደ ሐኪም ኮስተር አሉ።

«እስከ ዓርብ አንድ ቃል እንዳይተነፍስ በለው። ከተናገረ ማሩ ይበላሽና ድምፁ ጨርሶ ይሞታል።»

አብዱሰመድ ይህን ሁሉ «ፓርላሬ፣ ኖ! ዓርብ፣ ሲ!» — መናገር የለም፣ ዓርብ ይቻላል — ብሎ፣ አፉን በእጁ ከድኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ወደ ጎን ጥሎ አስተረጎመው። ካፖራሉ ፊቱ ገረጣ። ያለዚያ ድምፅ እሱም መኪናዋም ምንም አይደሉም። ፈንታሁንን በክንዱ ደግፎ እንደ ወላድ አስወጣው።

«እውነት ታሟል ወይስ አላመመውም?» አለች አስካለማርያም።

«ለንቡ አንድ ነው» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ።

ጸጥታው መጣ። አዛኑ ተሰማ። ባልና ሚስቶች ጠባቸውን እስከ መጨረሻው ተጣሉ። እትዬ ኡሙሀኒ ግን ማታ ማታ ግድግዳውን ተደግፈው ቆይተው «አልጠራችም» ይላሉ። በማግሥቱም «አልጠራችም»። አስካለማርያም መርፌዋን እየሰበረች ትሰፋለች። ንብን የሚያስቸኩል ነገር ቢኖር ኖሮ እሷ ታስቸኩለው ነበር።

ዓርብም ደረሰ፤ አውራዋ አልጠራችም።

ማታ ሲሆን መኪናዋ ብቻዋን አልመጣችም። ካፖራሉ ስለ ሕዝቡ ብዛት ተናግሮ ነበርና አለቃው፣ አንድ መቶ አለቃ፣ ራሱ ሊያይ በሌላ መኪና ተከትሎ መጣ። ሕዝቡም አላሳፈረውም፤ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ በየደጃፉ ተቀምጧል፣ አንድም የተዘጋ በር የለም። አቦይ ወልደአማኑኤል ሳይቀሩ መጥተዋል። ሁሉም የሚያየው የፈንታሁንን አፍ ነው።

ካፖራሉ ብረቱን ሰጠው። ፈንታሁን ተቀበለ። ወደ ግድግዳው ተመለከተ። እትዬ ኡሙሀኒ ከውስጥ ጆሯቸውን ለጥፈዋል፤ አስካለማርያም በሩ ላይ ቆማለች። ወደ ውስጥ ዞራ አየች። ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገና ነው። አስካለማርያም ለፈንታሁን ራሷን ነቀነቀችለት።

ፈንታሁን ብረቱን ከአፉ አራቀና ካፖራሉ ጭን ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«ዋስ አለብኝ» አለ።

ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ ሕመም የሚባል የነካው አይመስልም። ከልማድ ብዛት መጀመሪያ በትግርኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገረው፤ ከዚያ ለአለቆቹ በጣልያንኛ ደገመው። «ዋስ» የሚለውን በጣልያንኛ ምን እንዳለው የሚያውቅ የለም። ካፖራሉ የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ጉሮሮ ደህና ነው፤ ማር ያበላው፣ ደግፎ ያስወጣው ጉሮሮ።

ጥፊው ተሰማ። ጋቢው መሬት ላይ ወደቀ፣ ኮቱን ገፈፉት። መቶ አለቃው አንድ አጭር ቃል ተናገረ። ያን ማታ ሊያስሩት ይችሉ ነበር፤ ምናልባት ራት ሰዓት ስለደረሰ ይሆናል፣ መንገድ ላይ ጥለውት ሄዱ። መኪኖቹ ገበያውን ሲታጠፉ ድምፃቸው እየሳሳ ጠፋ።

 ፈንታሁን ጉንጩን ይዞ በሸሚዙ ብቻ ቆሟል።

«አስኩ!» የሚል ሹክሹክታ መጣ ከውስጥ። «ነይ! ነይ፣ ጆሮሽን አምጪ!»

አስካለማርያም ጉንጯን ከጭቃው ግድግዳ ጋር አጣበቀች። መጀመሪያ የራሷን ደም ሰማች። ከዚያ፣ በጣም ከሩቅ፣ ከጭቃው ልብ ውስጥ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ፤ ጢ—ጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ቆም አለ። ሌላ ቀጭን ድምፅ መለሰለት። የበቆሎ ቅንጣት የምታክል ነገር በጨለማ ውስጥ ሆና እንዲህ ታዝዛለች።

«ነገ ነው» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ። ጥርስ አልባ አፋቸው እስከ ጆሯቸው ደረሰ።

መንጋው የወጣው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ከግድግዳው እንደ ጭስ ተፍለቅልቆ ወጣ፣ መንገዱ ላይ ተሽከረከረ፣ ከዚያ በቤቶቹ ላይ አልፎ ወደ ዓዲ ሓቂ ሜዳ አቀና። አሁን ያለው ሕግ አንድ ነው፤ ባለቤቱ እየተከተለ «የኔ ነው» እያለ መጮኽ አለበት። ድምፁ ከተቋረጠ ንቡ ያረፈበት መሬት ባለቤት ይወስደዋል። እትዬ ኡሙሀኒ ሁለት እርምጃ ሮጠው ጉልበታቸውን ያዙ። አስካለማርያም አዲሱን ቀፎ ተሸክማለች፤ ስትጮኽ ድምፅዋ ከመንገዱ ማዶ አልደረሰም።

ያን ጊዜ ከኋላቸው የተነሣው ድምፅ ሁለቱንም አስደነገጣቸው።

«ንቡ የኡሙሀኒ ነው! የኡሙሀኒ ንብ ነው!»

ፈንታሁን በባዶ ሸሚዝ ይሮጣል፤ ብረት የለ፣ ቀንድ የለ። አስካለማርያም ያኔ ነው ያወቀችው፤ ያ ሁሉ ጩኸት ከመኪናዋ አልነበረም፣ ከዚህ ቀጭን ደረት ነበር። አጥር እየዘለለ፣ ማሳ እያቋረጠ፣ አንድ ጊዜ በትግርኛ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ ይጮኻል። ገበሬው ሁሉ ቀና ብሎ ንቡንም ሰውዬውንም ያያል። መንጋው አንድ ግራር ላይ ሲንጠለጠል የማሳው ባለቤት ከዛፉ ሥር ቆሞ ነበር፤ ለመከራከር አልሞከረም። «ከሩቅ ሰምቻለሁ» አለ፣ ጆሮውን እያሸ።

እትዬ ኡሙሀኒ ቀስ ብለው ደረሱ። በባዶ እጃቸው ከቅርንጫፉ ላይ ንቡን እንደ ጤፍ እፍኝ በእፍኝ እየዘገኑ ወደ ቀፎው አስገቡት። እስከ ክንዳቸው ንብ ነበሩ። አልቸኮሉም። አስካለማርያም ዓይኗን ሳትነቅል አየቻቸው፤ እንዲህ ያለ አለመቸኮል በዕድሜዋ አይታ አታውቅም፣ ያን ቀን ግን አልሰለቻትም።

ወደ ማታ አቦይ ወልደአማኑኤል መጥተው ዋስትናው መውረዱን በሰው ፊት ተናገሩ። አብዱሰመድም መጥቷል። ጨው ገበያ ላይ የሚጣራለት ሰው ይፈልጋል፤ ከዚህ ሰውዬ የተሻለ ድምፅ ያለው ሰው ከየት ይገኛል? ግን የነጋዴ ልማድ የታወቀ ነው፤ ያለ ዋስ ሰው አይቀጠርም። አብዱሰመድ ጥምጥሙን እየነካካ «ዋስ—» ሲል፣ ለፍላፊት መጣች።

አዲስ ሰው ጭነው ነበር፤ ድምፁ የታነቀች ፍየል ድምፅ ነው። «መሣሪያ ያለህ!» ብሎ ጀመረ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። አብዱሰመድ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ የሚሰማው የለም። ፈንታሁን የዋስ ጥያቄ እንደሆነ ከከንፈሩ አውቆ ወደ እትዬ ኡሙሀኒ ዞረ። እሳቸው ሁለቱን ቀፎዎች በሁለት ጣታቸው አሳዩት፤ ሥራ አለብኝ፣ አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ማለታቸው ነው።

ፈንታሁን መሬቱን አየ።

አስካለማርያም የስፌት መኪናዋን አቆመች። ለምን እንደተናደደች ራሷም አታውቅም። በሩ ላይ ወጥታ፣ ከዚያ የብረት ቀንድ በላይ፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፤

«ዋሱ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ አልኩ! ብትጠፋ ደግሞ በዚህ መቀስ ነው የምፈልግህ!»

ከመንገዱ ማዶ ሳይቀር ሰሟት።